በፈረንሳይ የወይን አገር በብስክሌት፦ መኪና የማይበዛበት መንገድ በየት በኩል ነው?

ከዚህ በታች የማጠቃልለውን የኢንተርኔት ውይይት (ክር) የከፈተችው ጄኔቫ የምትኖር እህት ናት። በሴፕቴምበር ወር ከባለቤቷ ጋር በቡርጎኝ የወይን አገር በብስክሌት ለመዘዋወር እንዳሰቡ፣ ሁለቱም ከቤት ወደ ሥራ ከመመላለስ ያለፈ የብስክሌት ልምድ እንደሌላቸው፣ ከዳገቱ ይልቅ የሚፈሩት ከኋላ የሚመጣውን መኪና እንደሆነ ገልጻለች። ዕቅዷ ከዲዦን ተነሥቶ እስከ ቦን መውረድ ነበር፤ ስማቸው በወይን ጠርሙስ ላይ የሚነበበው መንደሮች፣ ዠቭሬ-ሻምበርታን፣ ቩዦ፣ ቮን-ሮማኔና ኑዊ-ሳን-ዦርዥ በዚህ መስመር ላይ ተሰልፈው ይገኛሉና። ይህ መንገድ ጸጥተኛ ነው ወይ፣ ካልሆነስ ጸጥተኛው የቱ ነው ብላ ጠየቀች። ከጥያቄዋ በታች ግን አንድ አቋም አስቀምጣለች፤ ለጀማሪ የወይን አገርን በብስክሌት በሰላም ማየት የሚቻለው ለመኪና ሙሉ በሙሉ በተዘጋ መንገድ ብቻ ነው የሚል። ክሩ ይህን ያህል የረዘመው በዚህ አቋም ምክንያት ነው።

1ኛው መልስ የመጣው ሊዮን ለረጅም ዓመታት ከኖሩ አንድ አባት ነው። ሰላምታቸውን አስቀድመው፣ የመንገድ ስም ከማንሣታቸው በፊት የመሬቱን አቀማመጥ አስረዱ። የቡርጎኝ ዝነኛ ወይን የሚበቅለው ከዲዦን ደቡብ እስከ ሳንትኔ በተዘረጋ፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ባዞረ ጠባብ ተዳፋት ላይ ነው። በተዳፋቱ ግርጌ ዲ 974 የሚባለው ዋና መንገድ ይሄዳል፤ ከእሱ በታች ሜዳው ላይ የባቡር ሐዲዱና ፈጣኑ አውራ ጎዳና አሉ፤ በተዳፋቱ ወገብ ላይ ወይን ገበሬዎች ለሥራቸው የሚመላለሱባቸው ጠባብ መንገዶች እርስ በርስ ይቆራረጣሉ፤ አናቱ ደን ነው፤ ከደኑ ጀርባ ደግሞ ኦት-ኮት የሚባለው ከፍ ያለ አገር ይጀምራል። ስለዚህ ጸጥታ የሚፈልግ ሰው የመንደሩን ስም ከመምረጡ በፊት ከተዳፋቱ በየትኛው ከፍታ ላይ እንደሚጓዝ ይወስን አሉ። ዲ 974 የጭነት መኪና የሚበዛበት ስለሆነ ለጀማሪ እንደማይሆንም ቁርጡን ተናገሩ። ክሩን እስከ መጨረሻው ካነበብሁ በኋላም ከዚህ የተሻለ መነሻ አላገኘሁም፤ በኋላ የመጡት ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ ኖሮ ግማሹ ክርክር ባልተነሣ ነበር።

2ኛው መልስ በዚህ ላይ አንድ ማስተካከያ ጨመረ። ከዲዦን ወደ ደቡብ ለሚወርድ ሰው ዲ 974 ብቸኛው ምርጫ አይደለም፤ ከእሱ ከፍ ብሎ በማርሳኔ፣ በፊክሳንና በዠቭሬ አልፎ እስከ ቩዦ የሚደርስ ዲ 122 የሚባል ትንሽ መንገድ አለ። ይሁን እንጂ ይህ መንገድ ከ1937 ጀምሮ የታላላቅ ወይኖች መንገድ ተብሎ ለጎብኚ የተለየ በመሆኑ፣ በአውሮፓ በጋ፣ ማለትም በሞቃቶቹ ወራት፣ ቅዳሜ ቀን ቀስ እያሉ የሚሄዱ የጎብኚ መኪናዎች ይሞሉታል፤ በአንዳንድ ቦታም ግራና ቀኙ የድንጋይ አጥር ስለሆነ ዳር ይዞ ማሳለፍ አይመችም። መልስ ሰጪው እሑድ ጠዋት በማለዳ ከሆነ ብቻ እንደሚመክረው ጽፏል።

3ኛው መልስ ጉዳዩን ወደ ደቡብ አዞረው፤ በእኔ ግምት የክሩ ዋና ፍሬም ያለው እዚህ ላይ ነው። ከቦን እስከ ሳንትኔ ወደ 22 ኪሎ ሜትር የሚሆን፣ የወይን እርሻዎች መንገድ የሚባል በምልክት የተመራ የብስክሌት መስመር አለ። ፖማርን፣ ቮልኔን፣ ሜርሶን፣ ፒዩሊኚ-ሞንራሼንና ሻሳኝ-ሞንራሼን አንድ በአንድ እያገናኘ፣ ብዙውን ጊዜ በወይኑ ረድፍ መካከል ባሉ የአስፋልትና የሲሚንቶ ጠባብ መንገዶች ላይ ይሄዳል። ጸሐፊዋ ቡርጎኝን በመኪና ያየ ሰው የማያስተውለውን ነገር ተርካለች፦ በየእርሻው መግቢያ ላይ ያሉትን የድንጋይ በሮች፣ የግንብ አጥሮቹን፣ በአንድ መንደር ውስጥ እንኳ አፈሩ ከነጣ ወደ ቀላ ሲለወጥ በዓይን መታየቱን። እነዚህ እያንዳንዳቸው ስምና ወሰን ያላቸው ማሳዎች ክሊማ ይባላሉ፤ ዩኔስኮ በ2015 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግባቸው ቁጥራቸው 1,247 ነበር። በብስክሌት ፍጥነት የአንዱን ወሰን አልፈው ወደ ሌላው ሲገቡ ይታወቃል፤ በመኪና ግን አሥሩ በአንድ ጊዜ ያልፋሉ። ዳገቱን በተመለከተም አልሸሸገችም፤ ከፖማር ወደ ቮልኔ ያለው ክፍል አጭር ቢሆንም ማርሽ አቅልሎ በትዕግሥት መውጣት ይጠይቃል፤ ከሜርሶ በኋላ ግን ሰውነት ያርፋል።

4ኛው መልስ የጠያቂዋ የራሷ ሲሆን፣ ደስ ብሏት ይህ መንገድ ለመኪና የተዘጋ መሆኑን እንዲያረጋግጡላት ጠየቀች። 5ኛው እዚህ ላይ ቆም እንድትል አደረጋት። መንገዱ የተዘጋ አይደለም፤ መጀመሪያውኑ የተሠራው ለወይን ገበሬው ነው፤ ብስክሌተኛው እንግዳ ነው። የማሳው ባለቤት በትንሽ የጭነት መኪናው ወይም በትራክተሩ ሲመጣ ዳር ይዞ ማሳለፍ ግዴታም ጨዋነትም ነው። ይህን የጻፈው ሰው ቃላቱ ትንሽ ጠንከር ያሉ ነበሩ፤ ብስክሌተኞች ረድፉ መካከል ገብተው ወይን እየቀጠፉ ፎቶ ሲነሡ ማየቱን ምሬት ባለው አነጋገር ገለጸ። ትክክል ነው። እያንዳንዱ ዘለላ የሰው የዓመት ገቢ ነው፤ በዚያ አካባቢም የአንዳንዱ ማሳ ረድፍ ከሚገመተው በላይ ውድ ነው።

6ኛው መልስ ሰጪ ከዚህ በፊት በወይን ለቀማ የሠራ ሰው ሲሆን፣ ማንም ያላነሣውን ነገር አነሣ፦ ሴፕቴምበር ራሱ የለቀማ ወር ነው። በሞቃት ዓመታት ለቀማው በኦገስት መጨረሻ ይጀምራል፤ በቀዝቃዛ ዓመት ወደ ኦክቶበር ይገፋል። በእነዚህ ቀናት ያ ጸጥተኛ የወይን መንገድ የሥራ ቦታ ይሆናል። ለቃሚዎችን የጫኑ መኪናዎች በጠዋት ይመላለሳሉ፤ ወይን የተሞሉ ተጎታቾች ወደ መጭመቂያው ይጣደፋሉ፤ አንድን የወይን ረድፍ በእግሮቹ መካከል አድርጎ የሚያልፈው ረጅሙ ትራክተር ከማሳ ወደ ማሳ ሲዛወር መንገዱን ሙሉ ይይዘዋል። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ከጎማዎቹ የሚረግፈው ጭቃ ሲሚንቶው ላይ ስለሚቀር ብስክሌት ያንሸራትታል። ይህ ሰው ግን ጉዞውን አልከለከለም፤ እንዲያውም የወይኑ ሽታ አገሩን የሚሞላበትን ያን ሳምንት ከሌላው ሁሉ እንደሚያስበልጥ ጽፏል። የሰጠው መፍትሔ የሰዓት ምርጫ ነው፦ ከቀትር እስከ 8 ሰዓት ባለው የምሳ ጊዜ ማሳው ባዶ ይሆናል፤ ያን ሰዓት ለመጓዝ፣ ጠዋቱን ደግሞ ከተማ ለማየት ማዋል።

7ኛው በዚህ ላይ የተለየ አስተያየት ነበረው። በዚያው የምሳ ሰዓት የወይን ጓዳዎቹም የመንደር ሱቆቹም ስለሚዘጉ፣ የተራበና የተጠማ ሰው ደጃፍ ላይ ቆሞ መቅረቱ አይቀርም አለ። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ዳቦና ውኃ ከቦን ይዞ መነሣት ነገሩን ይፈታዋል።

ከ8ኛው እስከ 11ኛው ያሉት መልሶች ከቡርጎኝ ወጥተው ወደ ሌሎች የወይን አገሮች ተሻገሩ። ከጀርመን የጻፈ ወንድም ጠያቂዋ አልዛስን እንድታስብ መከረ። ከማርለንሃይም እስከ ታን ወደ 130 ኪሎ ሜትር የሚሆን የወይን እርሻዎች የብስክሌት መስመር አለ፤ ዩሮቬሎ 5 ከሚባለው ረጅም የአውሮፓ መስመርም አንዱ ክፍል ነው። ከስትራስቡርግ የሚነሣ ሰው ቮባን የተባለው የጦር መሐንዲስ በ1682 ለከተማው ምሽግ ድንጋይ ማጓጓዣ ባሠራው የብሩሽ ቦይ ዳር እስከ ሞልሳይም መኪና ሳያይ ይደርሳል። 9ኛው መልስ ሰጪ የመስመሩን ውበት ሳይክድ፣ እንደ ሪክቪርና ኤጊሳይም ያሉት መንደሮች በበጋ እኩለ ቀን ላይ ብስክሌት ተገፍቶ እንኳ የማይታለፍባቸው እንደሆኑ አስጠነቀቀ፤ በምትካቸው ሚትልበርግሃይምንና ዳምባክ-ላ-ቪልን ጠቆመ። ጠቃሚ ምክር ነው፤ የሰው ብዛትና የመኪና ብዛት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን በክሩ ውስጥ ያስታወሰው እሱ ብቻ ነው።

10ኛው ስለ ቦርዶ ሲሆን፣ ሮዤ ላፔቢ በሚባለው የብስክሌት መንገድ ከቦርዶ ተነሥቶ ሳንት-ኤሚልዮን መግባት ይቻላል የሚል ነበር። 11ኛው ወዲያው አረመው፤ እርማቱም ሰላ ያለ ነበር፤ ያልሄዱበትን መንገድ ለጀማሪ መምከር ኃላፊነት የጎደለው ነው እስከማለት ደረሰ። በነገሩ ላይ ግን ትክክል ነው። ያ መንገድ በቀድሞ የባቡር መስመር ላይ የተሠራ ሲሆን፣ በጋሮንና በዶርዶኝ ወንዞች መካከል ባለው ኮረብታማ አገር በክሬዮን በኩል አልፎ ሶቭቴር-ደ-ጊዬን ላይ ያበቃል፤ ርዝመቱ ወደ 55 ኪሎ ሜትር ነው። ሳንት-ኤሚልዮን ከዶርዶኝ ወዲያ ማዶ ስለሆነች ከዚያ በኋላ ያለውን በተራ መንገድ መጨረስ ግድ ነው። ስሙ የተሰጠው የ1937ን ቱር ደ ፍራንስ ላሸነፈው ብስክሌተኛ መሆኑን፣ በ1079 የተመሠረተው የላ ሶቭ-ማዦር ገዳም ፍርስራሽም ከመስመሩ ብዙ እንደማይርቅ ጨመረ። በሜዶክ በኩል ባሉት ታላላቅ ሻቶዎች ፊት የሚያልፈውን ዲ 2 መንገድ ግን ስሙን ብቻ አይታ እንዳትመርጠው አሳሰባት። መልእክቱ የዲዦኑን ዕቅድ ያስታውሳል፤ በቦርዶም በቡርጎኝም ጠርሙሱ ላይ ያለው ስም የሚያደርሰው መኪና ወደሚበዛበት መንገድ ነው።

12ኛው መልስ ወደ ቡርጎኝ ተመለሰና የ3ኛውን ጉዞ አስቀጠለ። ከሳንትኔ በኋላ የሴንትር ቦይ ይገኛል፤ በቦዩ ዳር ሻኚን አልፎ እስከ ሻሎን-ሱር-ሶን ሜዳማ መንገድ ነው። ከሻሎን ወደ ዢቭሪ፣ ከዢቭሪም በቢዩክሲና በኮርማታን በኩል እስከ ክሉኒ አረንጓዴ መንገድ የሚባለው ለመኪና የተዘጋ መስመር አለ። ከዢቭሪ እስከ ክሉኒ ያለው 44 ኪሎ ሜትር በቀድሞ የባቡር መስመር ላይ ተሠርቶ በ1997 የተከፈተ ሲሆን በፈረንሳይ የመጀመሪያው አረንጓዴ መንገድ ነው። ከክሉኒ ወደ ማኮን ሲኬድ 1,600 ሜትር ያህል የሚረዝመው የቧ-ክሌር የባቡር ዋሻ አለ፤ በበጋ ከውጭው ሙቀት ወደ ውስጡ ሲገባ ብርዱ ድንገተኛ ስለሆነ ጃኬት በእጅ መያዝ ይበጃል። በአውሮፓ ክረምት፣ ማለትም በብርዱ ወራት፣ የሌሊት ወፎች ስለሚያንቀላፉበት ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ኮረብታውን በላይ በኩል መውጣት ያስፈልጋል። ከዋሻው ሲወጣ የማኮን የወይን አገር ይከፈታል፤ በስተ ምዕራብ ሶሉትሬና ቬርዢሶን የሚባሉት ሁለት ገደሎች ከፑዪ-ፊዩሴ ወይን ማሳ በላይ ቆመው ይታያሉ። ጸሐፊው በ910 ስለተመሠረተው የክሉኒ ገዳም፣ የሮማው የቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና የሚስተካከለው ስላልነበረው ቤተ መቅደሱ፣ ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ ስለመፍረሱም በሰፊው ጽፏል። ለእኔ ከዚህ ይልቅ የጠቀመው ስለ ቴዜ የጨመረው ነው፦ መንገዱ ወጣቶች ለጸሎት ከሚሰበሰቡበት ከዚያ ኮረብታ ግርጌ ስለሚያልፍ በበጋ በዚያ አካባቢ እግረኛ ይበዛል፤ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል።

እስከዚህ ድረስ ቃናው የወዳጅ ነበር። 13ኛው መልስ ለወጠው። ጸሐፊው አረንጓዴው መንገድ አሰልቺ ነው አለ፤ ቀጥ ያለ፣ ግራና ቀኙ ዛፍ የሸፈነው፣ ወይን ከሩቅ ካልሆነ የማይታይበት ነው ብሎ፣ ይህን የሚመክር ሰው የወይን አገርን ያላየ ነው ሲል ደመደመ። ምክንያቱ ግን ቸል የሚባል አልነበረም። ባቡር ሜዳ ይፈልጋል፤ ወይን ደግሞ ውኃ የማይቆምበትን፣ ፀሐይ የሚያገኘውን ተዳፋት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በቀድሞ ሐዲድ ላይ የተሠራ መንገድ በባሕርዩ ከወይኑ ይርቃል። እሱ የሚመክረው በ1 ለ200,000 መለኪያ ካርታ ላይ ነጭ ሆነው የሚታዩትን ትናንሽ መንገዶች ነበር። ቀዩ ዋና መንገድ ነው፤ ቢጫው መካከለኛ ነው፤ ነጩ መንደርን ከመንደር ብቻ የሚያገናኝ ስለሆነ በእሱ ላይ የሚነዳው የመንደሩ ሰው ነው። በኦት-ኮት በኩል በሳን-ሮማንና በላ ሮሽፖ መካከል ያሉት እንዲህ ዓይነት መንገዶች ከታችኛው ዝነኛ መስመር ይልቅ ባዶ እንደሆኑ በኩራት ጻፈ።

14ኛው መልስ ቁጣ ነበረበት። ጠያቂዋ መኪና እንደምትፈራ በግልጽ ተናግራ ሳለ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ወደሚነዳበት መንገድ መላክ ምን ይሉታል ሲል ጠየቀ፤ በነጩ መንገድ ላይ አንድ መኪና ብቻ ቢመጣም ያ አንድ መኪና በፍጥነት ነው የሚመጣው አለ። 13ኛው ተመልሶ በ15ኛው፣ ከከተማ ውጭ ብስክሌትን የሚያልፍ መኪና 1.5 ሜትር እንዲርቅ ሕጉ እንደሚያስገድድ አስረዳ፤ 16ኛው ደግሞ ሕግ መኖሩና መከበሩ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብሎ ዘጋው። ክርክሩ ከዚህ በኋላ ወደ ግል ስድብ ሊያመራ ሲል፣ መጀመሪያ የመለሱት የሊዮኑ አባት በ17ኛው መልስ ገብተው አበረዱት። ሁለቱንም ወንድሞች በአክብሮት ጠርተው፣ ልዩነታቸው የልምድ እንጂ የእውነት አለመሆኑን አሳዩ። ለጀማሪ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በቦዩና በአረንጓዴው መንገድ ማሳለፍ፣ ብስክሌቱንና የጎን ቦርሳውን ከለመዱ በኋላ ወደ ነጮቹ መንገዶች መውጣት እንደሚሻል ተናገሩ።

እኔም በዚህ እስማማለሁ፤ አንድ ነገር ግን እጨምራለሁ። ከቦን እስከ ሳንትኔ ያለው መንገድ ለሁለቱም ወገን መልስ የሚሆነው ሐዲድ ላይ ስላልተሠራ ነው። የገበሬው መንገድ ነውና ወይኑ ባለበት ተዳፋት ላይ ይሄዳል፤ የገበሬው ስለሆነም በፍጥነት የሚነዳበት የለም። በሌሎች የወይን አገሮችም ጸጥተኛ መንገድ የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የገበሬዎቹ የአገልግሎት መንገዶች ለብስክሌት ክፍት መሆናቸውንና ምልክት እንዳላቸው ቢጠይቅ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

18ኛው መልስ ቀለል ባለ መንፈስ የመጣ ነበር፤ በየመንደሩ ጓዳ እየገቡ መቅመስ የጉዞው ዋና ደስታ ስለሆነ ለእሱ ሰፊ ጊዜ እንዲመድቡ የሚል። 19ኛው በዚህ ላይ ያለ ርኅራኄ ተነሣ። በፈረንሳይ በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም የሚለው የአልኮል ገደብ መኪና ነጂን ብቻ ሳይሆን ብስክሌተኛንም እንደሚመለከት፣ ያለፈ ሰው 135 ዩሮ እንደሚቀጣ፣ ከ0.8 በላይ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ፍርድ ቤት እንደሚደርስ ዘረዘረ። በዚያ አገር አንድ መደበኛ ብርጭቆ ከ0.20 እስከ 0.25 ግራም ገደማ ከፍ እንደሚያደርግ ሲታሰብ፣ ሁለት ጓዳ ገብቶ ሙሉ ብርጭቆ የጠጣ ሰው ገደቡ ላይ ደርሷል። የ18ኛው ጸሐፊ ተቀይሞ መልስ ቢሰጥም በኋላ ጠቃሚ ነገር ጨመረ፦ በየጓዳው ቀምሶ የሚተፋበት ዕቃ አለ፤ መትፋት ነውር ሳይሆን የሙያው ወግ ነው፤ የወደዱትን ጠርሙስ ደግሞ አስቀምጠው ማታ በማደሪያ መጠጣት ይቻላል። በፍሬን ላይ ያለ እጅ ንቁ መሆን አለበትና የ19ኛው ጥብቅነት ተገቢ ነው፤ በተለይ ከቮልኔ በኋላ ያለውን ቁልቁለት ለሚወርድ።

ከ20ኛው እስከ 23ኛው ክሩ ከመስመሩ ወጣ። አንዱ በ2024 የቱር ደ ፍራንስ የግል ሰዓት ውድድር ከኑዊ-ሳን-ዦርዥ ወደ ዠቭሬ-ሻምበርታን በእነዚሁ የወይን መንገዶች መካሄዱን፣ በማግሥቱ ደግሞ ኤርትራዊው ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይ በኮሎምቤ-ሌ-ዱ-ዜግሊዝ ማሸነፉን አስታወሰ። ሌላው በ2016 በቱር ደ ፍራንስ በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሆነው ፅጋቡ ግርማይ እንዳይረሳ አሳሰበ። ከዚያ ስለ ዝዋይ ወይን ተነሣ፤ የቦርዶው ካስቴል ኩባንያ በዝዋይ ተክሎ በ2014 ጠርሙሶቹን ለገበያ ማቅረቡን የጠቀሰ አንድ ሰው፣ አገር ቤትም እንዲህ ዓይነት የብስክሌት መንገድ በማሳው ዙሪያ ቢሠራ ምን አለበት ብሎ ጠየቀ። ሐሳቡ መልካም ቢሆንም ለጄኔቫዋ እህት የሚጠቅም አልነበረም፤ 24ኛው መልስም ሴፕቴምበር እየቀረበ መሆኑን አስታውሶ ሁሉንም ወደ ጥያቄው መለሳቸው።

ይኸው 24ኛው ስለ መድኃኒት ርጭት ጥያቄ አስከትሎ ነበር። ወይን ፈንገስ ስለሚያጠቃው ከሜይ እስከ ጁላይ ባለው ጊዜ ደጋግሞ ይረጫል፤ ኬሚካል በማይጠቀሙ ማሳዎችም ቢሆን መዳብና ድኝ ይረጫሉ። 25ኛው ይህን ማስፈራሪያ ነው ሲል አጣጣለው፤ 26ኛው ግን የነፋሱ ኃይል በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ መርጨት በሕግ መከልከሉን ጠቅሶ፣ ደንቡ የወጣው ነፋስ ርጭቱን ከማሳው ውጭ ስለሚወስደው መሆኑን አስረዳ። የሰጠው ምክር ቀላል ነበር፦ የሚረጭ ትራክተር ሲታይ ቆሞ እስኪያልፍ መጠበቅ ወይም ነፋሱ በሚመጣበት በኩል መዞር። ጠያቂዋ በምትሄድበት ወር ርጭቱ ያለቀ ስለሆነ ነገሩ እሷን ብዙም አያሳስባትም፤ በሰኔ የሚሄድ ሰው ግን ሊያውቀው ይገባል።

27ኛው ስለ ባቡር ነው። የክልል ባቡሮች በአብዛኛው ብስክሌትን ያለ ተጨማሪ ክፍያ፣ ቦታ እስካለ ድረስ ይጭናሉ፤ ፈጣኖቹ ባቡሮች ግን ወይ አስቀድሞ ቦታ ማስያዝ ወይ ብስክሌቱን ፈትቶ በቦርሳ መያዝ ይጠይቃሉ። የማኮን፣ የሻሎን፣ የቦንና የዲዦን ጣቢያዎች በአንድ መስመር ላይ ስለሆኑ አንድ አቅጣጫ ብቻ ተጉዞ በባቡር መመለስ ይቻላል፤ የደከመውም ጉዞውን በመካከል ማቋረጥ አያስቸግረውም። ማደሪያ ሲመረጥ አኬይ ቬሎ የሚለውን ምልክት መፈለግ እንደሚበጅም ጻፈ፤ ምልክቱ ያለው ቤት ከብስክሌት መስመሩ ከ5 ኪሎ ሜትር የማይርቅ፣ ብስክሌት ተቆልፎ የሚያድርበት ቦታና የመጠገኛ ዕቃ ያለው ነው።

28ኛዋ መልስ ሰጪ ረቡዕና ዓርብ የሚጾም ሰው በዚያ መንገድ ምን ይበላል ብላ ጠየቀች፤ ጥያቄዋ ለብዙዎቻችን የሚነሣ ነው። 29ኛው በመንደር ምግብ ቤት ቅቤና አይብ የሌለበት ምግብ ማግኘት አስቸጋሪ መሆኑን አምኖ፣ ዳቦ ቤትና የቅዳሜ ገበያ እንደሚያድኑ ነገራት፦ ተራው ረጅም ዳቦ ዱቄት፣ ውኃ፣ ጨውና እርሾ ብቻ ነው፤ ቲማቲሙ፣ ወይራው፣ የታሸገው ምስርና ፍራፍሬው አይጠፋም። እሑድ ከሰዓት በኋላና ሰኞ ግን አብዛኛው የመንደር ሱቅ ስለሚዘጋ ስንቅ ከቅዳሜ ጀምሮ መያዝ እንዳለበት አጥብቆ አሳሰበ።

በ30ኛው መልስ ጠያቂዋ ውሳኔዋን አስታወቀች። ዲዦንን ትታ በባቡር ቦን ትወርዳለች፤ ለመላመድ በቦዩና በአረንጓዴው መንገድ መጀመር ይሻላል የሚለውን የ17ኛውን ምክር ሳትከተል፣ ወይኑን በጉልበቷ ትኩስነት ማየት ስለፈለገች በመጀመሪያው ቀን ወደ ሳንትኔ ትጓዛለች፤ ከዚያ በቦዩ ዳር ወደ ሻሎን፣ በአረንጓዴው መንገድ ወደ ክሉኒ፣ በዋሻው በኩል ወደ ማኮን። አንዱን ቀን ባዶ ትታዋለች፤ ባለቤቷ ከደፈረ ከቢዩክሲ ወጥተው 13ኛው ያመሰገናቸውን ዓይነት ነጭ መንገዶች ሊሞክሩ ነው። 13ኛው ወዲያው፣ በዚህ ጊዜ በለዘበ ቃል፣ ከቢዩክሲ ወደ ምዕራብ ያሉትን ኮረብታዎች ዳገት አስጠንቅቆ መልካም መንገድ ተመኘላት። የመጨረሻው 32ኛው መልስ ጥያቄ ነው፦ የሦስት ዓመት ልጅ በተጎታች ጋሪ ይዞ ይህን መስመር መጓዝ ይቻላል ወይ የሚል። እስከ ዛሬ የመለሰለት የለምና እዚሁ ልመልስለት፦ ከሳንትኔ እስከ ማኮን ይቻላል፤ ቦዩም አረንጓዴው መንገድም ለጋሪ የሚበቃ ስፋት አላቸው፤ በዋሻው ውስጥ ልጁን ማልበስና የኋላ መብራት ማብራት ያስፈልጋል። ከቦን እስከ ሳንትኔ ግን በለቀማ ሳምንት ጋሪ ይዞ መግባትን አልመክርም፤ ትራክተር ሲመጣ ብስክሌት ዳር ይይዛል እንጂ ጋሪው የሚይዘው ዳር በብዙ ቦታ የለም፤ ያን ክፍል በባቡር እስከ ሻኚ አልፎ ጉዞውን ከቦዩ መጀመር ይሻላል።